ውሃንና ብርሃንን ስለ መምረጥ

ከ11ኛ ክፍል ተማሪ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለው የአባቶቻችን ተረት በሽማግሌዎች አፍ ዘወትር ይሰማል። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው ይህን ተረት የሚጠቅሰው ስለ ነገር ሲከራከር ነው እንጂ ስለ ውሃ ሲያስብ አይደለም። እኔ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው ስለ ተረቱ ሁለተኛ ክፍል ነው። ለመሆኑ ጥሩ ውሃ ማለት ምን ማለት ነው? ሲያዩት የጠራ፣ ሲቀምሱት የማይጎመዝዝ፣ ሲያሸቱት የማይከረፋ ነውን? እንዲህ ከሆነስ በብርጭቆ ውስጥ እንደ መስተዋት ጠርቶ የሚታየው ውሃ ስለ ምን ሕፃናትን በሆድ ሕመም ያሠቃያል?

ለዚህ ጥያቄ መልስ እንድፈልግ ያስገደደኝ ባለፈው ዓመት በቤታችን የሆነው ነገር ነው። የምንኖረው በአዲስ አበባ ከተማ ነው። በሰፈራችን የቧንቧ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለ ሆነ እኛም እንደ ብዙዎቹ ጎረቤቶቻችን በብረት ማማ ላይ የተቀመጠ፣ 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ አለን። ውሃ በሚለቀቅበት ሌሊት ሮቶው ይሞላል፤ በሚቀጥሉት ቀኖች ከእርሱ እየቀዳን እንጠጣለን፣ እናበስላለን፣ ልብስ እናጥባለን። በቤታችን ስድስት ሰዎች ነን፤ እነርሱም አያቴ፣ አባቴና እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ እኔና የሰባት ዓመት ልጅ የሆነችው ታናሽ እህቴ ናቸው።

ይህች ታናሽ እህቴ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ በጃርዲያ ታመመች። ሐኪሙ መድኃኒት ባዘዙላት ቁጥር ትድናለች፤ ጥቂት ወራት እንደ ቆየ ደግሞ ሕመሙ ይመለስባታል። ሰውነቷ እየከሳ ሄደ፤ ከትምህርቷም ብዙ ቀን ቀረች። በሦስተኛው ጊዜ ሐኪሙ አባቴንና እናቴን «መድኃኒቱ ያለውን በሽታ ያጠፋል እንጂ የሚመጣበትን መንገድ አይዘጋም። የምትጠጡትን ውሃ፣ እጃችሁንና በጥሬው የምትበሉትን አትክልት ተመልከቱ» አሏቸው።

በዚያው ወር ለእናቴ የዕቁብ ዕጣ ወጣላቸው። ገንዘቡ የታሰበው ለልብስ ስፌት መኪና መግዣ ነበር፤ ለዚህም ሁለት ዓመት ሙሉ ጠብቀዋል። አባቴ ግን ከሥራ ጓደኛቸው ዘንድ በብርሃን ኃይል ውሃን ከጀርም የሚያነጻ መሣሪያ መኖሩን ሰምተው ኖሮ ነገሩን ለቤተ ሰቡ አነሡ። እናቴም «የልጄ ጤና ከመኪናው ይቀድማል፤ ነገር ግን ገንዘቡ ለማይረባ ዕቃ እንዳይባክን» አሉ። አያቴ ደግሞ «መብራት ውሃ ያጠራል ሲባል በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ውሃውን ማፍላት ምን ጎደለው?» ሲሉ ተቃወሙ። በመጨረሻ አባቴ ወደ እኔ ዞር ብለው «አንተ ፊዚክስና ባዮሎጂ እማራለሁ ትላለህ። እንግዲያውስ ነገሩን መርምርና ለእናትህ ገንዘብ የሚገባ መሆኑን ወይም አለመሆኑን ንገረን» አሉኝ። የዕቁብ ገንዘብ በቀልድ የሚነካ ነገር ስላልሆነ ሥራውን በፍርሃት ተቀበልሁ። ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው በመምህሮቻችን እርዳታና በንባብ ያገኘሁትን ነው።

ብርሃን ሁሉ በዓይን የሚታይ አይደለም። ቀስተ ደመናን ስንመለከት ከቀይ እስከ ሐምራዊ ያሉትን ቀለሞች እንለያለን፤ ከሐምራዊው ወዲያ ግን ዓይናችን የማያየው ጨረር አለ። በ1801 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ዮሐን ቪልሄልም ሪተር የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ ብርሃን በሚያጠቁረው የብር ጨው ላይ ቢያሳርፈው፣ ጨው ይበልጥ የጠቆረው ምንም ቀለም በማይታይበት፣ ከሐምራዊው ወዲያ ባለው ስፍራ ሆነ። ዛሬ አልትራቫዮሌት የምንለው ጨረር ይህ ነው። በ1877 ደግሞ ዳውንስና ብላንት የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን የፀሐይ ብርሃን ባክቴሪያ እንዳይራባ የሚከለክል መሆኑን አሳዩ። በ1910 በፈረንሳይ አገር በማርሴይ ከተማ የመጠጥ ውሃን በዚህ ጨረር የማከም ሥራ ተጀመረ። እንግዲህ ለአያቴ አዲስ የሆነው ነገር ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው ማለት ነው።

ጨረሩ ጀርሞችን የሚያጠቃበት መንገድ በጣም የሚያስደንቅ ነው። ለውሃ ሕክምና በሚሠራው የተለመደ አምፑል ውስጥ ጥቂት ባዜቃ፣ ማለትም ሜርኩሪ፣ አለ። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት የሞገዱ ርዝመት 254 ናኖሜትር የሆነ ጨረር ያወጣል። ይህ ጨረር ወደ ጀርሙ ገብቶ የዘር መልእክት የተጻፈበትን ዲ ኤን ኤ ይመታል፤ በዲ ኤን ኤው ላይ ጎን ለጎን ያሉትን ፊደሎች እርስ በርሳቸው ያጣብቃቸዋል። ፊደሎቹ የተጣበቁበት መጽሐፍ ሊነበብና ሊገለበጥ እንደማይችል ሁሉ ጀርሙም ራሱን ሊያባዛ አይችልም። መምህራችን ሲያስረዱን «ጀርሙ ወዲያው ይሞታል ከማለት ይልቅ ይመክናል ማለት ይሻላል» ብለውናል። በሆዳችን ውስጥ መራባት ያልቻለ ጀርም ደግሞ ሊያሳምመን አይችልም።

አሁን ወደ አያቴ ጥያቄ እመለሳለሁ። ማፍላት ምን ጎደለው? በእውነቱ ለጤና በኩል የጎደለው ነገር የለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኝ ስለ ሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይህም ቢሆን ጀርሞችን ለመግደል ይበቃል። የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣኖች ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ስፍራ ውሃው ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ ይላሉ። የማፍላት ችግሩ ድካሙና ወጪው ነው። የእኛ ቤተ ሰብ ለመጠጥና ለምግብ በቀን 40 ሊትር ያህል ይፈልጋል። በፊዚክስ ክፍል እንደ ተማርነው አስልቼ ባየው ይህን ውሃ ከ18 ዲግሪ አንሥቶ እስኪፈላ ለማሞቅ፣ በምድጃው ዙሪያ የሚባክነው ሙቀት ሳይቈጠር፣ ከ3 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ያስፈልጋል። 16 ዋት የሆነ የጨረር አምፑል ግን ሌሊትና ቀን ሳይጠፋ ቢያበራ በቀን የሚፈጀው ከግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ያነሰ ነው። ከዚህም በቀር የፈላ ውሃ እስኪቀዘቅዝ የማይታገሥ ልጅ ከቧንቧው ቀድቶ ይጠጣል፤ ታናሽ እህቴም ከእነዚህ አንዷ ናት።

ክሎሪንስ? ክሎሪን ታላቅ ባለውለታ ነው። የከተማችን ውሃ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች ሲመጣ ተጣርቶ በክሎሪን ይታከማል። የክሎሪን ትልቁ ጥቅም ከውሃው ጋር አብሮ መጓዙና በቧንቧ ውስጥም መጠበቁ ነው። ነገር ግን በሮቶ ውስጥ ብዙ ቀን ሲቆይ ኃይሉ እየደከመ ይሄዳል። ደግሞም ወፍራም ቅርፊት ያላቸው ጥገኛ ተሕዋስያን ክሎሪንን ይቋቋማሉ። ጃርዲያ ከብዙዎቹ ባክቴሪያዎች ይልቅ ክሎሪንን ይታገሣል፤ ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው ደግሞ ከናካቴው ይንቀዋል ማለት ይቻላል። በ1993 በአሜሪካ አገር በሚልዎኪ ከተማ ይህ ተሕዋስ ወደ ከተማው ውሃ ገብቶ 403,000 ያህል ሰዎች እንደ ታመሙ ተገምቷል፤ ውሃው ግን በክሎሪን የታከመ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሳይንቲስቶች ክሎሪንን የናቀው ይህ ተሕዋስ በትንሽ የአልትራቫዮሌት መጠን እንደሚመክን ደረሱበት። ጃርዲያም እንዲሁ ነው። ከዚያ ወዲህ ታላላቅ ከተሞች ሳይቀሩ ጨረሩን በክሎሪኑ ላይ ጨመሩት። የኒው ዮርክ ከተማ በ2013 ያስመረቀው ጣቢያ ብቻውን 56 የጨረር መሣሪያዎች አሉት። ይህን ካነበብሁ በኋላ ለእህቴ በሽታ የሚስማማው መድኅን ይህ እንደ ሆነ ማመን ጀመርሁ።

ነገር ግን የዕቃን ጥቅም ብቻ የሚዘረዝር ነጋዴ ነው፤ ተማሪ ጉድለቱንም መዘርዘር ይገባዋል። ስለዚህ ጨረሩ የማይችላቸውን ነገሮች ደግሞ ጻፍኋቸው።

አንደኛ፣ ጨረሩ ጀርምን እንጂ በውሃ ውስጥ የሟሟ ነገርን አያስወግድም። ጨው፣ እርሳስ፣ ናይትሬትና ፍሎራይድ እንዳሉ ያልፋሉ። በአገራችን በስምጥ ሸለቆ፣ ለምሳሌ በወንጂ አካባቢ፣ ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣ ውሃ ፍሎራይድ በዝቶበት የብዙ ሰዎችን ጥርስ አበላሽቷል፣ የአንዳንዶችንም አጥንት ጎድቷል። የዓለም የጤና ድርጅት የፈቀደው መጠን በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ነው። በእንዲህ ያለ ስፍራ የሚኖር ሰው የጨረር አምፑል ቢገዛ ገንዘቡን በከንቱ ያወጣል፤ ማፍላትም አይረዳውም፤ ውሃው በተነነ መጠን ፍሎራይዱ ይበዛል እንጂ አይቀንስም።

ሁለተኛ፣ ጨረሩ በድፍርስ ውሃ ውስጥ አይሠራም። በጥይት የሚታደን አውሬ ከዛፍ ጀርባ እንደሚሸሸግ ሁሉ ጀርምም ከአፈር ቅንጣት ጀርባ ይሸሸጋል። ብረት የበዛበት ውሃ ጨረሩን ይውጠዋል። በማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተው፣ ኖራ የበዛበት ውሃም አምፑሉን የሚሸፍነውን ቱቦ እየለበጠ ብርሃኑን ይጋርደዋል። ስለዚህ ብዙዎቹ አምራቾች በሊትር ውስጥ ብረቱ ከ0.3 ሚሊግራም፣ ኖራውም ከ120 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይጠይቃሉ።

ሦስተኛ፣ ጨረሩ እንደ ክሎሪን ከውሃው ጋር አይጓዝም። ውሃው በአምፑሉ ፊት ሲያልፍ ይታከማል፤ ካለፈ በኋላ ጠባቂ የለውም። በቆሻሻ እንስራ ቢቀዳ እንደገና ይበከላል። በመሆኑም መሣሪያውን ከሮቶው በፊት መትከል ትርፉ ድካም ነው፤ ከሮቶው በኋላ፣ በተቻለ መጠን ለመቅጃው ቧንቧ ቅርብ ሆኖ መተከል አለበት።

አራተኛ፣ መብራት ሲጠፋ ሥራው ይቆማል። ይህ በከተማችን ምን ያህል ጊዜ እንደሚያጋጥም ለአንባቢዎቼ መንገር አያስፈልገኝም።

ይህን ሁሉ በደብተሬ ከጻፍሁ በኋላ አንድ ነገር ተገለጠልኝ፤ ይኸውም መሣሪያውን ከመምረጥ በፊት የራስን ውሃ ማወቅ እንደሚያስፈልግ ነው። ለዚህም አባቴን አስፈቅጄ ሁለት ናሙናዎች ወደ ቤተ ሙከራ እንዲወሰዱ አደረግን። አንዱ ውሃው ከመንገድ ወደ ግቢያችን ከሚገባበት ቧንቧ፣ ሁለተኛው ከሮቶው መውጫ የተቀዳ ነበር። ውጤቱ ሲመጣ ሁላችንንም አስደነቀን። ከመንገድ የመጣው ውሃ ጥቂት ክሎሪን የነበረበትና ከኮሊፎርም ባክቴሪያ ነጻ ሲሆን፣ በሮቶው ውሃ ክሎሪኑ ጠፍቶ ኮሊፎርም ተገኘበት። ኮሊፎርም ራሱ ሁልጊዜ በሽታ አምጪ ባይሆንም ቆሻሻ የገባበትን ቀዳዳ የሚጠቁም ምልክት ነው። ብረቱም ኖራውም ፍሎራይዱም ግን ከልክ በታች ሆነው ተገኙ። ታላቅ ወንድሜ መሰላል አቁሞ ቢወጣ የሮቶው ክዳን በአንድ ወገን ተሰንጥቋል፤ በዙሪያው የእርግብ ኩስ አለ፤ በሥሩም ሁለት ጣት የሚያህል ጭቃ ተቀምጧል። እኛ በሽታውን ከሩቅ ስንፈልገው በገዛ ጣራችን ጎን ተቀምጦ ይጠብቀን ኖሯል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሮቶውን ባዶ አድርገን በብሩሽ ፈተግነው፣ በክሎሪን መፍትሔ አጠብነው፣ አለቀለቅነው፤ ክዳኑንም በአዲስ ለወጥነው። ይህን ጊዜ አባቴ ተገቢ ጥያቄ ጠየቁኝ። «ሮቶው ከጸዳ አምፑሉ ለምን ያስፈልጋል? የእናትህ ገንዘብ ይቀመጥ እንጂ!» አሉ። እኔም ወዲያውኑ መልስ ከመስጠት ይልቅ ጊዜ እንድንሰጠው ለመንሁ። እስከዚያው ድረስ በአያቴ ምክር እያፈላን ጠጣን። ከታጠበ በኋላ የተወሰደው ናሙና ንጹሕ ሆነ፤ ክረምቱ ገብቶ ሁለት ወር ካለፈ በኋላ የተወሰደው ግን ደግሞ ኮሊፎርም ተገኘበት። ማጠብ አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን እንዳልበቃ ተረዳን። ለብዙ ቀን ቆሞ የሚቆይ ውሃ የመጨረሻ ዘበኛ ያስፈልገዋል። እናቴም «እንግዲህ ዘበኛውን ቅጠሩ» ብለው ፈቀዱ።

ከዚያ በኋላ ከአባቴ ጋር ወደ ገበያ ሄድን። በመጀመሪያው ሱቅ የነበሩት ሻጭ መሣሪያውን ሰክተው ሰማያዊ ብርሃን አሳዩንና «ይኸው፣ ያበራል፤ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?» አሉን። እኔ ግን ከመምህራችን እንደ ተማርሁት የሚታየው ሰማያዊ ብርሃን ጀርሙን የሚያጠቃው ጨረር አይደለም። ጀርሙን የሚያጠቃው የማይታየው ነው። አምፑሉ ሲያረጅ ሰማያዊው ብርሃን እንዳለ ሆኖ የማይታየው ጨረር ይደክማል። ስለዚህ «በደቂቃ ስንት ሊትር ያክማል? የጨረሩ መጠንስ ስንት ነው? መለዋወጫ አምፑል አለዎት?» ብዬ በትሕትና ጠየቅኋቸው። ለሦስቱም መልስ ስላላገኘን አመስግነን ወጣን።

እነዚህን ጥያቄዎች ለምን እንደ ጠየቅሁ ላስረዳ። ውሃው የሚቀበለው የጨረር መጠን የሚገኘው የብርሃኑን ኃይልና ውሃው በብርሃኑ ፊት የሚቆይበትን ጊዜ በማባዛት ነው። ውሃው ከተወሰነለት ፍጥነት በላይ ቢሮጥ የሚቆይበት ጊዜ ስለሚያጥር ሳይታከም ያልፋል። ኤን ኤስ ኤፍ 55 የተባለው የአሜሪካ መመዘኛ መሣሪያዎችን በሁለት ማዕረግ ይከፍላቸዋል። የመጀመሪያው ማዕረግ በካሬ ሴንቲሜትር 40 ሚሊጁል የሚሰጥ ሲሆን ጀርም ለሚጠረጠርበት ውሃ የተመደበ ነው። ሁለተኛው 16 ሚሊጁል የሚሰጥና አስቀድሞ ለታከመና ደኅና ለሆነ ውሃ ተጨማሪ እንዲሆን የታሰበ ነው። ለእኛ ሮቶ የሚስማማው የመጀመሪያው ብቻ ነበር። ሽፋኑ ቱቦም ከኳርትዝ የተሠራ መሆን አለበት፤ ተራ መስተዋት ይህን ጨረር አያሳልፍምና።

በሁለተኛው ሱቅ የተጻፈ ማስረጃ ያለው መሣሪያ አገኘን። መጠኑ 40 ሚሊጁል ነው፤ በደቂቃ 4 ሊትር ያክማል፤ አምፑሉ ሲደክም ወይም ሲጠፋ ይጮኻል፤ መለዋወጫውም በዚያው ይሸጣል። ሻጩ ለቤቱ ውሃ ሁሉ የሚሆነውን ትልቁን እንድንገዛ መክረውን ነበር። እኔና አባቴ ግን ተማክረን ትንሹን መረጥን። ምክንያቱም ወለል የሚታጠብበትንና ልብስ የሚዘፈዘፍበትን ውሃ ማከም አያስፈልግም፤ ለመጠጥ፣ ለምግብና ለጥርስ መፋቂያ የሚሆነው ከአንድ የወጥ ቤት ቧንቧ ሊቀዳ ይችላል። በዚህ ምርጫ ከዕቁቡ ገንዘብ ከግማሽ በላይ ተረፈ። እናቴም በተረፈው ላይ ጥቂት ጨምረው ያገለገለ፣ ነገር ግን ደኅና የሆነ የስፌት መኪና ገዙ።

ቧንቧ ሠራተኛው መሣሪያውን ሲተክል ቅደም ተከተሉን እንዲህ አደረግን። ውሃው ከሮቶ ወርዶ በመጀመሪያ የ5 ማይክሮን ማጣሪያ ውስጥ ያልፋል፤ በዚህ ደለሉና አሸዋው ይቀራል። ከዚያ በአምፑሉ ፊት ያልፋል፤ ከዚያም በቀጥታ ወደ መቅጃው ይወጣል። አባቴ ደንቡን በወረቀት ጽፈው በግድግዳ ላይ ለጠፉት። መብራት ከጠፋ ከዚያ ቧንቧ ማንም አይጠጣም፤ በክዳን ጀሪካን የተቀመጠው ውሃ ይጠጣል፤ ካለቀም ውሃ ይፈላል። ማጣሪያው ሲጠቁር ይለወጣል። የኳርትዙ ቱቦ በየሦስት ወሩ ተወልቆ ይጠረጋል። አምፑሉ ደኅና መስሎ ቢያበራም በዓመት አንድ ጊዜ ይለወጣል፤ የአንድ ዓመት ሰዓት 8,760 ሲሆን የዚህ ዓይነት አምፑል የተለመደ ዕድሜ 9,000 ሰዓት ያህል ነውና። መሣሪያው ከመከፈቱ በፊት ከኤሌክትሪክ ይነቀላል፤ ጨረሩ ዓይንንና ቆዳን ስለሚጎዳ የበራ አምፑል አይታይም። ያረጀው አምፑል ባዜቃ ስላለበት አይሰበርም፣ ከቤት ጥራጊም ጋር አይጣልም። ይህን ሁሉ በደብተር የምመዘግበው እኔ ነኝ። ሮቶውንም በዓመት ሁለት ጊዜ እኔና ወንድሜ እናጥባለን።

ውጤቱስ? ይህን ጽሑፍ እስከምጽፍበት ቀን ድረስ ዘጠኝ ወር አልፏል፤ ታናሽ እህቴ በጃርዲያ አልታመመችም። ክብደት ጨምራለች፤ በዚህ ዓመትም ከትምህርቷ የቀረችው ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ እርሱም በጉንፋን ነው። ሆኖም ይህ ሁሉ የአምፑሉ ሥራ ነው ብዬ መናገር አልችልም። በዚያው ጊዜ ሮቶውን አጽድተናል፤ እጃችንን በሳሙና መታጠብ አጥብቀናል፤ እናቴም ሰላጣና ቲማቲም የሚያጥቡት ከታከመው ውሃ ሆኗል። አምፑሉ የሥራው ተካፋይ ነው እንጂ ብቸኛ ጀግና አይደለም። አያቴም «ውሃውን ያዳነው መብራቱ ሳይሆን የመብራቱ ጠባቂ ነው» ብለውኛል፤ እኔም ከሳይንስ ጋር የሚቃረን ነገር አላገኘሁበትም።

ከክፍል ጓደኞቼ መካከል ቤተ ሰቦቻቸው ኤሌክትሪክ በሌለበት ገጠር የሚኖሩ አሉ። ይህ ነገር ለእኛ ምን ይረባናል እንደማይሉ ተስፋ አደርጋለሁ። የፀሐይ ብርሃን ለሁሉም ተሰጥቷልና። በቤይሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት አፍቲም አክራ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የጠራ ውሃን በሚያሳልፍ ዕቃ አድርጎ በፀሐይ ላይ በማስጣት ማከም እንደሚቻል አሳይተዋል። ዛሬ የሚመከረው አሠራር ይህ ነው። የጠራ ውሃ፣ ቀለም በሌለውና ከ2 ሊትር በማይበልጥ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ በጣራ ላይ ማጋደም፤ ፀሐይ ከሆነ 6 ሰዓት፣ ሰማዩ ከደመነ ሁለት ቀን ሙሉ ማቆየት። ዝናብ በሚያዘወትርበት ቀን ግን በዚህ መተማመን አይገባም፤ ማፍላት ወይም በሱቅ የሚሸጠውን የውሃ ክሎሪን በታዘዘው መጠን መጨመር ይሻላል። ውሃው ድፍርስ ከሆነ አስቀድሞ ማስቀመጥና በንጹሕ ጨርቅ ማጥለል ያስፈልጋል።

ውድ የትምህርት ቤታችን ወላጆች ሆይ! በጎረቤት ቤት ስላያችሁ ብቻ ማናቸውንም የውሃ መሣሪያ አትግዙ። በመጀመሪያ ወደ ሮቶአችሁ ውጡና ክዳኑን አንሥታችሁ ተመልከቱ፤ ቀጥሎ ውሃችሁን አስመርምሩ፤ ከዚያም ለተገኘው ችግር የሚስማማውን መድኅን ምረጡ። ጀርም ከሆነ ጨረሩ ይረዳል፤ ድፍርስነት ከሆነ ማጣሪያ ይቀድማል፤ ፍሎራይድ ከሆነ ሌላ ምንጭ ወይም ሌላ መሣሪያ መፈለግ ግድ ነው። ሻጩንም ስለ መጠኑ፣ ስለ ፍጥነቱና ስለ መለዋወጫው ሳትጠይቁ ገንዘብ አታውጡ።

ለክፍል ጓደኞቼ ደግሞ አንድ ሐሳብ አለኝ። በትምህርት ቤታችን ግቢ ሦስት ሮቶዎች አሉ፤ በየቀኑ በብዙ መቶ የምንቈጠር ተማሪዎች ከእነርሱ እንጠጣለን። የሳይንስ ክበባችን ከመምህሮቻችን ጋር ሆኖ በሚመጣው ዓመት መጀመሪያ ሮቶዎቹን ቢያጥብ፣ ናሙና ቢያስመረምርና ውጤቱን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢለጥፍ ለሁላችንም ታላቅ ጥቅም ይሆናል። መሰላሉን ተሸክሜ ለመምጣት እኔ ዝግጁ ነኝ፤ ብሩሽ የሚያመጣ ይከተለኝ።